በቁራኛ የቀረው ኮት

ፀሐዩን ችላችሁ የቆማችሁ ለቀስተኞች፣ ብዙ አናቆያችሁም። ልጃቸው ወይዘሮ ንግስት፣ ምንም ሳይሸፈን ይነበብ ብለው ለእድራችን አደራ ስለሰጡ፣ የአቶ ወጋየሁ እስጢፋኖስ ዜና ሕይወት እንደነበረው ይነበባል።

አቶ ወጋየሁ ከአባታቸው ከአቶ እስጢፋኖስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸሐይወርቅ በ1910 ዓ.ም. ጎፋ ሰፈር ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ቀጥሎም ከአንድ የግሪክ ዘይት ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት ተቀጥረው፣ ሥራውንም የነጋዴውንም ጠባይ ጠንቅቀው ተማሩ። ወይዘሮ ገበያነሽን በሕግ አግብተው አንዲት ልጅ አፈሩ።

በ1956 ዓ.ም. ላፍቶ ላይ የኑግ ዘይት መጭመቂያ አክሲዮን ማኅበር ሲያቋቁሙ የሚበዛው አክሲዮን የእሳቸው ስለነበር፣ በስብሰባ ሰው ሁሉ እጁን ቢያወጣ እንኳ የሚጸናው እሳቸው እጃቸውን ያወጡበት ነበር። ኑጉን የአካባቢው ገበሬዎች፣ ከሁሉም በላይ አቶ ዳባ ኦልጅራ፣ በዱቤ ያስረክቡ ነበር። ማኅበሩ ዕዳ እስከ አንገቱ ሲውጠው አቶ ወጋየሁ ገበሬዎቹን ነገ ከነገ ወዲያ እያሉ፣ ለራሳቸው ግን የአክሲዮን ትርፍ ማከፋፈሉን አላቋረጡም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ!

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ተሰብስበው መጥተው፣ ያልተከፈለን ገንዘባችን በአክሲዮን ይለወጥልን፣ መጭመቂያውም ከመዘጋት ይድናል ሲሉ ለመኑ። ነገሩ ለሁሉም የሚበጅ ነበር፤ ዳሩ ግን የአቶ ወጋየሁን ድርሻ ከግማሽ በታች ሊያወርደው ነው። በተቃውሞ እጃቸውን አወጡ፤ ልመናው ወደቀ። ያን ጊዜ አቶ ዳባ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በልብስ ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት የሚቀርቡበትን የጥንት የቁራኛ ደንብ አስበው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ከአቶ ወጋየሁ ኮት ጋር ቋጠሩት። አቶ ወጋየሁ ኮቱን አውልቀው ትተውላቸው በሸሚዝ ወጡ። የሳቀም ነበር።

በጥር ወር ደርግ ትልልቆቹን ኩባንያዎች ሲወርስ የእሳቸው መጭመቂያ ከቁጥር የሚገባ ስላልነበር ተዘለለ። አቶ ወጋየሁ ግን «ለዳባ ከሚደርስ መንግሥት ይውረሰው» ብለው በገዛ እግራቸው ሄደው አስወረሱት። ውረሱኝ ብሎ ደጅ የጠና ባለሀብት እኛ ሌላ ሰምተን አናውቅም። ካሣ ይከፈለኛል፣ ሥራ አስኪያጅም እሆናለሁ ብለው ነበር፤ ካሣው ቀረ፣ የደረሳቸውም ሥራ የበሩ ጥበቃ ሆነ። የገበሬዎቹን ዕዳ አውቃለሁ የሚል ጠፋ። አቶ ዳባ ልጆቻቸውን ለማብላት ጥማድ በሬዎቻቸውን ሸጡ፤ መሬት ለአራሹ በታወጀበት ዓመት አራሹ በሬ አልነበራቸውም።

አቶ ወጋየሁ በ1979 ዓ.ም. ግማሽ ጎናቸው ዝሎ አልጋ ሲይዙ ወዳጅ ሁሉ ራቀ፤ አቶ ዳባ ግን በየእሑዱ ሊጠይቋቸው ይመጡ ነበር። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ያን ኮት ከጫፉ እንደተቋጠረ በክንዳቸው ታቅፈው፣ ከአልጋው ትይዩ ተቀምጠው፣ እግዜር ይማርዎ ካሉ በኋላ እስኪመሽ አይነሡም። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ውጣ አይሉት ነገር! ባለፈው እሑድ አቶ ወጋየሁ በተኮላተፈ አንደበት «ይፍቱኝ» አሏቸው። አቶ ዳባ «እኔ እርስዎን መቼ አሰርኩ? ኮቱን እንጂ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። አቶ ወጋየሁ በዚያው ሳምንት በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገበያነሽንና ልጃቸውን ወይዘሮ ንግስትን ትተዋል። ንብረት አልተዉም፤ እሱን ያወረሱት በቁማቸው ነው።

ፍትሐቱ እዚሁ ሀና ማርያም ተደርሷል፤ ካህናቱ የሚፈቱትን ፈትተዋል። ልጃቸው ዛሬ ጠዋት «አባቴን ይፍቱልኝ» ብለው ከአቶ ዳባ እግር ላይ ወድቀው ነበር፤ ኮቱ ግን አልተፈታም። አቶ ዳባ አሁን ከመቃብሩ ራስጌ ቆመዋል፤ ኮቱንም ይዘዋል።

እግዚአብሔር የአቶ ወጋየሁን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን። አቶ ዳባ፣ አፈሩን ሳንመልስ እርስዎን እየጠበቅን ነው።