ከፕላስቲክ ብርሃን ያወጡት የዶክተር ትሕትና ይስማው ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት፣ ቤተ ዘመዶችና ወዳጆች፤ ዶክተር ትሕትና ከአባታቸው ከቄስ ይስማው ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት በ1963 ዓ.ም. በደብረ ወርቅ ተወለዱ። ፊደል በአባታቸው እግር ሥር ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ማርቆስ አጠናቀው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመግባት በፊዚክስ ሁለት ዲግሪ ተቀበሉ።

በ1988 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ከአቶ ሙላት የሺዋስ ጋር ተጋብተው ፀደንያን ወለዱ። ልጅቱ ገና ዳዴ ስትል ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ስዊድን የመሄድ ዕድል ቢያገኙና ቢያመነቱ፣ ባለቤታቸው «እኔ አሳድጋታለሁ» ብለው ሸኟቸው፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ዶክተር ትሕትና ይህን ውለታ በደረሱበት ሁሉ ሳያነሡ አያልፉም ነበር።

በዚያ ያጠኑት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚያበራ፣ ከፀጉር እጅግ የሳሳ የፕላስቲክ ሽፋን ነበር። ብርሃኑ የሚወለደው ከሁለት ወገን የሚገቡት አዎንታዊና አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሎች (ቻርጆች) መካከል ላይ ሲገናኙ ሲሆን፣ አንዱ ፈጣን ሌላው ዘገምተኛ በመሆኑ ብዙው ኃይል በከንቱ ይባክናል። ለእረፍት መጥተው እናታቸው ስለ ትምህርቱ ቢጠይቋቸው፣ «አንዱ ከደብረ ወርቅ፣ አንዱ ከዲማ ተነሥተው መንገድ ላይ ሊገናኙ የተቀጣጠሩ ሰዎች በያቸው፤ አንዱ እየቀደመ ይተላለፋሉ፤ እኔ እንዲገናኙ ነው የምለፋው» አሏቸው። እናታቸውም «ለዚህ ነው ይህን ያህል የቆየሽው?» ብለው ሳቁ።

በሦስተኛው ዓመት ብርሃኑ በእጥፍ ጨምሮ ታየና ጽሑፋቸው ለኅትመት ተላከ። ልኬቱን ሲደግሙት ግን መሣሪያው ከውጭ የሚገባ ብርሃን አብሮ ይለካ እንደነበር ደረሱበት፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ጽሑፉን ራሳቸው አስመለሱ። ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ መስሏቸው በስልክ ሲያለቅሱ፣ አቶ ሙላት «ልጅቱ ደህና ናት፤ እኔም አለሁ፤ እውነቱን ይዘሽ ነይ» አሏቸው። ከብዙ ድካም በኋላ በፕላስቲኩና ኤሌክትሪኩን በሚያስገባው ብረት መካከል ሌላ ስስ ሽፋን አስገብተው፣ ፈጣኑን ገታ ዘገምተኛውን ደገፍ በማድረግ፣ ባነሰ ኤሌክትሪክ የበለጠ ብርሃን አገኙ፤ ይህኛው ቢለካም ቢደገምም ጸና።

በ1996 ዓ.ም. ተመርቀው እዚያው እንዲቀሩ ቢለመኑም አገራቸው ገቡ፤ የኔአለምን ወለዱ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። መብራት በጠፋ ቁጥር በቤተ ሙከራው የተጀመረው ሁሉ ይበላሽ ነበር፤ እሳቸው ግን ጓንታቸውን አውልቀው፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሌቱን እያስረዱ ይጠብቁ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. የካንሰር ሕመም አገኛቸው። አልጋ ላይ ሳሉ ተማሪዎቻቸው እዚሁ የሠሩትን፣ የጥፍር ያህል ቦታ ላይ አረንጓዴ የምታበራ፣ ያ ስስ ፕላስቲክ የተቀባባት መስታወት አምጥተው አሳዩዋቸው። በእጃቸው ይዘው ብዙ ካዩዋት በኋላ፣ «እኔ ይህን ለማየት ባሕር ተሻግሬ ነበር፤ እናንተ ከአገራችሁ ሳትወጡ አያችሁት፤ ተመስገን» ብለው እያንዳንዳቸውን መረቁ።

ጥር 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ይህን የማነብላችሁን ታናሽ ወንድማቸውን ምናለንና በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩ ብዙ ደቀ መዛሙርትን ትተውልናል። ላስታመማችኋቸውና ዛሬ ለሸኛችኋቸው ሁሉ እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈልልን። ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ማኅበር ደምሮ፣ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።