አስራ ስድስት ላይ የቀረው ሌንስ

ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ወደ አስኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ካሜራ አውጥታ ስትነካካ አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ አላስችል አላቸው።

«ይሄ ሌንስ የድሮ አይደል? አዲስ ካሜራ ላይ እንዴት ገባ?»

«በአዳፕተር ነው ጋሼ፤ ይቺ መሀል ያለችው ብረት ናት የምታገናኛቸው። ሌንሱ የአባቴ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ግን አበላሸሁት መሰለኝ።»

«ምን አደረግሽው?»

«ገና ሳልሞክረው በአልኮል ጠረግኩት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሳነሳ ጨለማ ብቻ ነው።»

«ማን ጥረጊ አለሽ! እስቲ አምጪው።»

«ቀስ ብለው ጋሼ።»

«ዕድሜዬን ፎቶ ቤት ነው የሠራሁት፣ አይዞሽ። መስታወቱ ደህና ነው። አባትሽ የት ነበር የሚያነሱት?»

«ግቢያችን ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ። ግድግዳው ላይ አንሶላ ይሰቅል ነበር።»

«ታዲያ! ለፀሐይ ብለው ብርሃን ማስገቢያውን አጥብበው፣ ቀለበቱን አስራ ስድስት ቁጥር ላይ ትተውታል። አዲሱ ሌንስ ራሱ ያስተካክላል፤ ይሄ በእጅ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል፤ ወደ ሁለት አዙሪው።»

«አላበላሸሁትም ማለት ነው?»

«አዙሪው እንጂ!»

«ቆይ ጋሼ። አስራ ስድስት ነው ያሉኝ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«መጀመሪያ ስልኬ ላይ ልጻፈው። እሱ የተወው እዚያ ላይ ነው።»

«ጻፊው ልጄ። ጻፊው።»

ጽፋ ስትጨርስ ቀለበቱን አዙራ ካሜራውን ወደ ሽማግሌው አነሳች። «ኡፍፍ፣ ተመስገን! ጋሼ፣ ፊትዎ ቁልጭ ብሎ ታየኝ!»

መውረጃዬ ሲያልፍ በመስኮት አየሁት፤ «ወራጅ አለ» የሚለው ግን ከአፌ አልወጣም።