አክበረት በዓይኗ የሰማችው

የካምፓላ ዝናብ ሰው ይዘጋጅ ብሎ አይጠብቅም። ባለፈው ዓመት በመጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቡኮቶ በቦዳ፣ ማለትም በሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ወደ ካንሳንጋ ስሄድ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ወረደብን። የቦዳው ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ አንድ ሱቅ በረንዳ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ቀና ስል በበሩ ላይ ጋሼ ከፍያለው ቆመዋል።

ጋሼ ከፍያለው ከአገር ቤት ሽሮና በርበሬ እያስመጡ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። የምንተዋወቀው በቤተ ክርስቲያን ነው። ለቅሶ የማይቀሩ፣ የታመመ የማይረሱ፣ ስማቸውን ማንም በክፉ የማያነሣው ሰው ናቸው።

«አይ ፀጋዘአብ! ዝናብ ባይገፋህ ኖሮ እኛን ትጠይቀን ነበር?» ብለው ሳቁና ከውስጥ ወንበር አወጡልኝ።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ዝናቡን ማየት ጀመርን። ቀዩ ጎርፍ በመንገዱ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከማዶ እንቁላል በቂጣ እየጠቀለለ የሚሸጠው የሮሌክስ ሻጭ ምጣዱን በፕላስቲክ ሸፍኖ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዝም ብሏል። በመብራት እንጨቱ ላይ አንድ አባ ኮዳ ክንፉን ሰብስቦ ቆሟል። የቆርቆሮው ድምፅ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ስለዋጠው ከተማዋ በውኃ ውስጥ የምትታይ ትመስል ነበር።

በዚህ መካከል ሌላ ቦዳ ቆመና አንዲት ወጣት በጥንቃቄ ወረደች። ከቀሚሷ ጫፍ በታች አንደኛው እግሯ ሰው ሠራሽ መሆኑ ይታያል፤ ልትደብቀውም አልሞከረችም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የአቶ ከፍያለው ቤት ይህ ነው?»

«ከፍያለው እኔ ነኝ። ግቢ ልጄ፣ ዝናቡ ጨረሰሽ እኮ!»

«ትምኒት እባላለሁ፤ የአስመራ ልጅ ነኝ። ናካዋ አካባቢ አካል ጉዳተኞች የራሳቸውን ንግድ እንዲጀምሩ የሚያግዝ ማዕከል አለ፤ እዚያ ነው የምሠራው። አክበረትን ላገኛት ነበር።»

የጋሼ ፈገግታ ጠፋ። «አክበረትን? እሷን ከየት ታውቂያታለሽ? አክበረት እኮ ከቤት አትወጣም።»

«በስልክ ነው አቦይ። መስማት የተሳናቸው ሴቶች እርስ በርስ የሚጻጻፉበት ቡድን አለ፤ እኔ አስተባባሪ ነኝ። ‹ነይና አጎቴን አነጋግሪልኝ› ያለችኝ እሷው ናት።»

እዚህ ላይ ስለ አክበረት ጥቂት መናገር ይገባኛል። የጋሼ የእህታቸው ልጅ ናት። በልጅነቷ፣ አፏን ከፈታች በኋላ፣ የማጅራት ገትር ይዟት ከሞት ስትተርፍ ጆሮዋ አልተረፈም። እናቷ አዲስ አበባ ታመው ሲሞቱ ጋሼ ከአጠገባቸው ነበሩ፤ ከቀብሩ በኋላ ልጅቷን ይዘው መጡ። ካምፓላ በገባች ሰሞን አንድ ቦዳ ከኋላዋ ክላክስ እያሰማ መጥቶ ገጫት፤ እንዳልሰማች አላወቀም። ጋሼ ደም የለበሰች ልጅ ተሸክመው ሐኪም ቤት ደረሱ። ከዚያ ወዲህ በሩን ዘጉባት። የዘጉት በክፋት አልነበረም፤ ፍቅርም በር ይዘጋል። እሷም አድጋ ሴት ሆነች፤ በሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጣ የጎረቤቶቿን ፀጉር በነፃ ትሠራለች። የሠራችው ሹሩባ በካንሳንጋ መንገድ ሁሉ ይሄዳል፤ እሷ ግን አብራው አትሄድም።

ዝናቡ አልቆም ሲል ጋሼ ሁለታችንንም ከሱቁ በላይ ወዳለው ቤታቸው ወሰዱን፤ እንግዳ ደጅ አቆሙ እንዳይባሉ ይመስለኛል።

አክበረት በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እኛን ከማየቷ በፊት አየኋት። ዝናቡን የምታየው ሰው የሚወደውን ጨርቅ ሲሸመን እንደሚያይ ነበር፤ ለእሷ ቆርቆሮ አይጮህም፣ ጎርፍ አያጉረመርምም፤ ብር የመሰለ ክር ብቻ ነው ከሰማይ የሚወርደው። ትምኒትን ስታይ ብድግ አለችና አቀፈቻት። ሁለቱ በእጃቸው የሆነ ነገር ተባባሉ፤ ጣቶቻቸው በአየር ላይ ሲመላለሱ እንደ ቢራቢሮ ነበሩ። ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ።

ወተት የበዛበት ሻይ ቀረበ። ትምኒት ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ነገሩን በቀጥታ አነሣች። «አቦይ ከፍያለው፣ አክበረት ፀጉር ቤት መክፈት ትፈልጋለች። የእርስዎን ፈቃድ ነው የምትለምነው።»

ጋሼ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ተናገሩ። «ልጄ ትምኒት፣ መምጣትሽን አከብራለሁ። ግን ይህች ልጅ ምን ጎደላት? ትበላለች፣ ትለብሳለች፣ ክፉ የሚናገራት የለም።»

«ምግብና ልብስማ አልጎደላትም። የራሷ የምትለው ቀን ነው የጎደላት።»

«ንግድ ያልያዘ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ደንበኛ መጥታ ‹አቅጥኚው፣ ጠበቀብኝ፣ ላላ አድርጊው› ስትላት በምን ትሰማለች?»

«በመስታወት። ፀጉር ሠሪ የምትቆመው ከደንበኛዋ ጀርባ ነው። ከፊት ሰፊ መስታወት ከተሰቀለ የደንበኛዋን ከንፈር ታያለች፤ አክበረት ከንፈር ማንበብ ትችላለች። የሹሩባው ዓይነት በፎቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የፈለገች በጣቷ ታሳያለች። ይህ ሁሉ ካልበቃ የሚነገረውን እየሰማ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ የስልክ ፕሮግራም አለ።»

«ሥራ ላይ አቀርቅራ ሳለች ከኋላዋ ሌባ ቢገባስ?»

«በሩ ሲከፈት ቦግ የሚል መብራት እንገጥማለን። በክንድ ላይ የሚታሰር፣ ሰው ሲጠራት የሚንቀጠቀጥ ሰዓትም አለ። ማዕከሉ ያውሳል፤ አጠቃቀሙንም ያሳያል።»

የጋሼ ጥያቄ የአላዋቂ ጥያቄ እንዳልነበረ ልመስክር። ሱቅ ከፍቶ የኖረ ሰው የሚጠይቀውን ነው የጠየቁት። ትምኒትም ይህን ስለተረዳች አንዱንም አላቃለለችባቸውም።

«አንቺ ራስሽ ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይስ ማስተማር ብቻ ነው?» አሏት።

«ቡኮቶ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር አቦይ። የስፌት መኪናዬ በሁለት እግር የሚረገጥ ስለነበር መጀመሪያ አቃተኝ። በኋላ ፔዳሉን ነቅለው ትንሽ ሞተር ገጠሙልኝ። እግሬ አልተመለሰም፤ መኪናው ግን ወደ እኔ መጣ። እኛ የምንለው ይህን ነው፤ ሰውየው ከሥራው ጋር ካልገጠመ ሥራውን ከሰውየው ጋር አግጥሙት።»

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ሻዬን አነሣሁ። አላለቀም። እስካሁን የተናገረው ነጋዴው ነበር፤ አሁን አጎትየው መናገር ጀመረ።

«ሰውስ?» አሉ ድምፃቸው ወፍሮ። «ሰው ምን ይላል? ከፍያለው የሟች እህቱን ልጅ አደራ በልቶ፣ ደንቆሮዋን ልጅ የሰው ራስ እንድታጥብ አደባባይ ላይ አሰጣት አይሉም? ብትገጭስ ዳግመኛ? እኔ እሷን ለሁለተኛ ጊዜ መሸከም አልችልም!»

ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ሰማን፤ ከፍ ዝቅ የማይል፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕቃ በጥንቃቄ የሚያስቀምጥ ድምፅ።

«ጋሼ፣ ደንቆሮ ያሉትን አነበብኩት።»

ጋሼ ዞሩ። አክበረት የትምኒትን ስልክ በሁለት እጇ ይዛለች። ጋሼ የተናገሩት ሁሉ በስልኩ ማያ ላይ ተጽፏል፤ ሌባውም፣ መስታወቱም፣ ደንቆሮዋም።

«እንዴት...» አሉ። ስልኩ ወዲያው «እንዴት» ብሎ ጻፈ። አክበረት ፈገግ አለች።

«አይዘኑ፤ ቃሉ አልከፋኝም» አለች። «በዚህ ቤት ሰው ወደ እኔ ሳይዞር ሲናገር አያለሁ፤ የሚለውን ግን አላገኘውም። እርስዎ ደግሞ ሲያዝኑ ወደ መስኮቱ ዞረው ነው የሚናገሩት። ስንት ዓመት ጀርባዎን ሳነብ ኖርኩ! ስለ እኔ የሚባለውን፣ ክፉውንም ቢሆን፣ ማወቅ እፈልጋለሁ። መሸከም አልችልም ያሉትንም አሁን ነው ያወቅሁት። ሰልችቻቸው ነው በር የዘጉብኝ እል ነበር።»

ጋሼ እንደ ደከመው ሰው ተቀመጡ። ወደ ትምኒት ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁ። «ይህ ነገር አማርኛውን ሁሉ ይጽፋል?»

«ይጽፋል። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ረጋ ብለው ይናገሩ።»

ጋሼ ወንበራቸውን ስበው ወደ ስልኩ ቀረቡ። «አክበረት፣ እናትሽ ያረፈች ዕለት ቁጭ አድርጌ የነገርኩሽን ሰምተሻል?»

አነበበችና ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «ብዙ ተናገሩ። አፍዎ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚንቀጠቀጥ አፍ አይነበብም። እንዳይጨነቁ ብዬ ነው እሺ ያልኩት።»

ጋሼ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ይህን ሁሉ ዓመት የእናቷን ቃል ያደረሱ መስሏቸው ኖረዋል። እጃቸውን ሲያወርዱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ወደ መስኮቱ ግን አልዞሩም። ፊት ለፊቷ ሆነው፣ ቃል በቃል፣ እንዲህ አሉ።

«የመጨረሻ ንግግሯ ስለ አንቺ ነበር። ‹አክበረት ትናንት ፀጉሬን ስትሠራኝ ሕመሙ ተወኝ› አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

ጽሑፉ በማያው ላይ እየተንጠባጠበ ወጣ። አንዱን ፊደል ስልኩ አሳስቶታል፤ ማንም ግድ አላለውም። አክበረት አነበበች፤ ደግማ አነበበች። መብራቱ እንዳይጠፋባት ማያውን በጣቷ ትነካካ ነበር። ከዚያ የገዛ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ ሁሉ።

ዝናቡ መቼ እንዳባራ አላስተዋልንም። ፀሐይ በእርጥቡ ቆርቆሮ ላይ ወድቃ ክፍሉን በወርቃማ ጭጋግ ሞላችው።

«ከደረጃው ሥር ያለችውን የሽሮ መጋዘን ይስጡኝ» አለች አክበረት። «መንገድ መሻገር ሲያስፈልገኝም እሻገራለሁ። ከተገጨሁ ወዲህ ግራና ቀኝ የሚያይ እንደኔ ያለ ሰው የለም።»

ጋሼ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ደረጃውን ወረዱ። ተከትለን ስንወርድ አንድ ኬሻ ሽሮ አቅፈው ከመጋዘኑ እየወጡ ነበር።

ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተቃናም። በመጀመሪያው ሰሞን መብራት ሲጠፋ የበሩም መብራት አብሮ ይጠፋ ነበር። አንዲት ደንበኛ ሳትታይ ገብታ ትከሻዋን ብትነካት አክበረት ደንግጣ ቅባቱን በሴትዮዋ ልብስ ላይ ደፋችው። ሴትዮዋ ተቆጥታ ሄደች፤ አክበረትም ሁለተኛ አልሠራም ብላ አለቀሰች። በማግስቱ በባትሪ የሚሠራ መብራት ይዘው የመጡት ጋሼ ነበሩ። ትምኒት የሥራውን ገቢ ከቤት ወጪ መለየትና ዋጋ ማውጣት አስተማረቻት፤ የንግድ ፈቃድ ስታወጣም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይዛላት ሄደች።

ዛሬ ያቺን ክፍል ብታዩ ደስ ይላችኋል። ሰፊው መስታወት የመንገዱን ብርሃን ወደ ውስጥ ያመጣዋል፤ ሴቶቹ ወደ መስታወቱ እያዩ ያወራሉ፣ አክበረትም ከመስታወቱ ውስጥ ትመልስላቸዋለች። እንደሷው የማትሰማ አንዲት ኡጋንዳዊት ልጅ ቀጥራለች፤ ሁለቱ በእጃቸው ሲሳሳቁ ደንበኛው ምን እንዳሳቃቸው ለማወቅ ምልክቱን መማር ጀምሯል። ጋሼም እየተማሩ ነው፤ «ደክሞሻል?» ለማለት ፈልገው «ዓሣ ነሽ?» ያሏት ዕለት አክበረት እስክታነባ ሳቀች። አንዳንድ እሑድ ብቻዋን ታክሲ ይዛ ወደ ሐይቅ ዳሯ ጋባ ትወርድና ሐይቁን ስታይ ትውላለች።

እነሆ የአንዲት ክፍል በር መከፈት ያመጣው ይህን ነው፤ ለአክበረት ሙያና ነፃነት፣ ለሌላይቱ ልጅ እንጀራ፣ ለሰፈሩ አዲስ ቋንቋ፣ ለአንድ አረጋዊም እፎይታ። መሣሪያው ትንሽ ነው፤ መብራት፣ መስታወት፣ ስልክ። ትልቁ ነገር ሰውየውን ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ነው።

ባለፈው ወር ከቅዳሴ ስንወጣ ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «አንተ ሰፈር በየነ የሚባል ሰው አለ አሉ። ዓይኗ የማያይ፣ ሰው አይቷት የማያውቅ ልጅ አለችው ይባላል። ውሰደኝ።»

ቡኮቶ ወዳለው አፓርታማ ወጣን። አቶ በየነ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱ። ጋሼ ሰላምታ ሰጥተው የመጡበትን ሲናገሩ ሰውየው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ የለችም። ተሳስታችኋል።»

«አቶ በየነ፣ እኔም ልጅ በቤት ዘግቼ ኖሬያለሁ» አሉ ጋሼ በትሕትና። «ልፈርድብዎ አልመጣሁም። እፈራው የነበረው ሁሉ ምን እንደሆነ ልንገርዎና እርስዎ የሚፈሩትን ይንገሩኝ።»

ከውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ማን ነው የመጣው?»

አቶ በየነ ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ሰንሰለቱን ፈታ።

ጋሼ ከፍያለው ባርኔጣቸውን አወለቁና ለአባትየው ሳይሆን ለድምፁ መለሱ። «ከፍያለው እባላለሁ ልጄ። ምን መሥራት እንደምትወጂ ልጠይቅሽ ነው።»