ትንፋሹን የሚይዝ ጫማ ሠሪ

ሰው ተናዶ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን አያስታውስም። ሰፈሩ «አይነኬ» እያለ የሚጠራው ጫማ ሠሪም ያን ዕለት ጠዋት ከሱቁ በላይ ወዳለው ፎቅ ሲወጣ የጉልበቱን ሕመም ጭራሽ ረስቶት ነበር። ስሙን ሰምታችሁ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ኧረ እንዲያውም ሆደ ቡቡ ነው! ቢላዋውን፣ ወስፌውንና ጫማ የሚወጥርበትን ፎርማ ከእሱ በቀር ማንም እንዲነካበት ስለማይፈቅድ ነው እንዲህ ያሉት።

ፎቁ ላይ የሆነ ነገር ዱብ ብሎ፣ የጣሪያው አቧራ ገና ማስቲሽ በተቀባ ሶል ላይ ረግፎበታል። እውነቱን ለመናገር ግን ያናደደው አቧራው አልነበረም። በእጁ አስተምሮ ያሳደጋት አንዲት ልጁ፣ ሱቁን እንደከፈቱ፣ «አባዬ፣ ጫማ ፋብሪካ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ እጀምራለሁ» ብላው ነበር። እሱም «ደግ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። አንጀቱ ግን ቁርጥ ብሏል።

በሩን ሳያንኳኳ ከፈተው፤ ከፍቶም ክው ብሎ ቀረ። ክፍሉ ሙሉ ሰው በየምንጣፉ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ያንኮራፋል።

«ወይ ጉድ! ምን ነካቸው?» አለ ጮክ ብሎ።

በመካከላቸው በእግሯ ጣት የምትራመድ ወጣት ዞር አለች። የገዛ እህቱ ልጅ ናት!

«አጎቴ!» አለች እየሳቀችም እየደነገጠችም።

«አንቺ ባንክ አይደለሽም እንዴ?»

«ለቅቄያለሁ። ይቆጣሉ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት። ይህ የዮጋ ቤት የእኔ ነው፤ ወደዚህ ፎቅ ያመጣሁት ገና በዚህ ሳምንት ነው።»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው፣ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወጡ። ወፍራሙ ሰውዬ በአንድ እግሩ ልቁም ሲል የወደቀው እሱ እንደነበረ ተናግሮ፣ ስለ አቧራው ይቅርታ ጠየቀ። የእህቱ ልጅ ወንበር አምጥታ አጎቷን አስቀመጠችው።

«ለመሆኑ ይሄ ሥራ ነው?» አለ አይነኬ። «ሰውን በጠራራ ፀሐይ አስተኝቶ መተዳደር! እናትሽ ያስተማረችሽ ለዚህ ነው?»

«ይቆጡኝ አጎቴ፤ ግን ሰምተው ይቆጡኝ። ይህን ቤት ስከፍት ሁሉን የምሠራው እኔው ነበርኩ። አስተምራለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ ስልክ እመልሳለሁ፣ የተበላሸ አምፖል ሳይቀር እኔው እቀይራለሁ። ሰው ቀጥሪ ሲሉኝ ማን እንደ እኔ ይሠራል እላለሁ። በኋላ ምን ሆነ መሰለዎት? ሰው እያሳረፍኩ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ሌላውን ተንፍሱ የምል ሴት ለራሴ መተንፈስ ረሳሁ።»

«ታዲያ ባለቤት መሆን እንዲያ ነው! ዓይንሽን ካነሳሽ ሥራው ይበላሻል። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን የቆምኩት በምን ይመስልሻል? ሁሉን በእጄ ስለያዝኩ ነው።»

«እሺ፤ ልጅዎስ ለምን ትሄዳለች?»

አይነኬ ቀና ብሎ አያት። ለካ ከልጁ ጋር ተነጋግረውበታል። 

«እስቲ በአንድ እግርዎ ይቁሙልኝ» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! እኔ የሰርከስ ሰው ነኝ?»

«ለእኔ ሲሉ።»

ለእኔ ሲሉ የተባለ አጎት ምን ያደርጋል? ተነስቶ አንድ እግሩን አነሳ። ጡጫውን ጨበጠ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ የእግሩን ጣቶች ጫማው ውስጥ አጨማደደ። ወዲያው ወደ ጎን ዘመመና ክንዱን ይዛ አዳነችው።

«ምን ሆኑ?»

«ልወድቅ ነበራ! ሌላ ምን እሆናለሁ?»

«ከዚያ በፊትስ?»

አሰበ። «ጨበጥኩ መሰለኝ።»

«ትንፋሽዎንስ?»

እውነትም ይዞት ነበር። ይህን ያስተማረው ሙያውን ያሳየው ጌታው ነው፤ በስሕተት የተቆረጠ ቆዳ አይመለስምና ቢላዋው ሲሄድ ትንፋሽህን ያዝ ብሎት ነበር። አይነኬም ያዘ። እያደር ግን ደንበኛ ጫማ ሲለካ፣ ስልክ ሲጮህ፣ ከሁሉም በላይ ልጁ መርፌ ስታነሳ መያዝ ጀመረ። የሰው ልጅ እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ የጠቀመውን ነገር መጣል አይሆንለትም።

የእህቱ ልጅ ካልሲዋን አውልቃ በአንድ እግሯ ቆመች። «ቁርጭምጭሚቴን ይመልከቱ።»

ዕድሜውን ሙሉ እግር ሲያይ የኖረ ሰው ነውና ጎንበስ ብሎ አየ። ከሩቅ ሲያዩት የተተከለ የሚመስለው እግር ወደ አውራ ጣቱ ያዘነብላል፣ ወደ ተረከዙ ይመለሳል፣ ደግሞ ያዘነብላል።

«አላረፈም እኮ!» አለ ተገርሞ።

«አያርፍም። ሚዛን የሚሉት ይሄው ነው፤ ትንሽ ማዘንበል፣ ትንሽ መመለስ። ሥራም እንዲሁ ነው አጎቴ። አንድ ቀን ደንበኛ ይጎርፋል፣ አንድ ቀን በር የሚገፋ ይጠፋል። ሠራተኛ ይሳሳታል፣ ይታረማል። ድርቅ ብሎ የቆመው ነው የሚወድቀው።»

«ጥሩ። እግር ይመለሳል። የተቆረጠ ቆዳ ግን አይመለስም! እሱንስ ምን ልትይው ነው?»

«እውነትዎን ነው፤ አንዳንዱ ይበላሻል። ረዳት የቀጠርኩ ቀን የአንዷን ደንበኛ ወገብ አሳመመችብኝ። ይቅርታ ጠየቅን፣ አሳየኋት፣ ተማረች። አሁን ከእኔ ይልቅ እሷን የሚመርጡ አሉ። እቀናለሁ፤ ግን ማታ ማታ እተኛለሁ።» ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቆዳ ይገዛል አጎቴ። ልጅዎንስ ከየት ይገዟታል?» አለችው።

አይነኬ ቀና አለ። ግንባሯን ስሞ፣ አሁን ጉልበቱ ትዝ ብሎት፣ የደረጃውን መደገፊያ እየያዘ ወረደ።

ልጁ አቧራ የነካውን ሶል እየጠረገች ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ቆዳ ተዘርግቷል፤ አንድ እግሯ ከሌላው ለሚያጥርባት አንዲት አስተማሪ ጫማ የታሰበ። እንዲህ ያለውን ቆዳ አይነኬ ከራሱ በቀር ለማንም አስቆርጦ አያውቅም። ቢላዋውን ከሚስማሩ ላይ አወረደና እጀታውን ወደ እሷ አዞረላት።

«ቁረጪው።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ?»

ከኋላዋ ቆመ። ቢላዋው ሄደ። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ እሱ ከሚቆርጠው ሰፋ አድርጋ ያዘችው። እጁ ብድግ አለ፤ ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተው። ደረቱ ተወጠረ። የእህቱ ልጅ ትዝ አለችውና ኡፍፍ ብሎ ተነፈሰ።

ቢላዋው ቆመ። ልጁ ዞር አለች።

«አባዬ፣ ተነፈስክ?»

«እንዴ! ሰው አይደለሁም?»

«ከኋላዬ ስትቆም ትንፋሽህ ይጠፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ እሱ ሲጠፋ በቃ ልሳሳት ነው እላለሁ። ፋብሪካውን የፈለግኩትም ለዚህ ነው።»

አይነኬ ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔን! ለቆዳው ስሳሳ አንቺን ሳስጨንቅ ኖሬያለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ። ብትሄጂም ባርኬ እሸኝሻለሁ፤ ብትቀሪ ግን ቢላዋው ያንቺም ነው።»

እሷም ወደ ቆዳው ዞራ ቀሪውን ቆረጠች፤ የሰፋውንም ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን የከፈተችው እሷ ነበረች።

እንግዲህ ሥራ የከፈታችሁ ሁሉ፣ የሆነውን ስሙ። አይነኬ ዛሬ ምሳውን ቁጭ ብሎ ይበላል። ጉልበቱ ሲያመው ሱቁ አይዘጋም። ደንበኛ እሱ እስኪመጣ ደጅ አይጠናም፤ ልጅቱም እሱ ያላሰበውን ቅርጽ ታወጣለች። አንዳንዴ ትሳሳታለች፤ ያርማታል። እሱም ይሳሳታል፤ ትስቅበታለች። ፎቅ እየወጣም ከእህቱ ልጅ ዘንድ በአንድ እግሩ ይቆማል። አሁንም ይዘማል፤ ግን ግድግዳውን ነካ አድርጎ ይመለሳል።

አስተማሪዋ ለጫማዋ መጥታ ስትለካ፣ አይነኬ እንደ ልማዱ ከልጁ ኋላ ቆሞ ነበር። ሴትዮዋ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች። ትከሻዋ እኩል ሆኗል።

«እንዴት ይመቻል! የእርስዎ እጅ መቼም…»

«የልጄ ነው» አለ አይነኬ። ልጁም ቀና ሳትል፣ ከኋላዋ የአባቷን ትንፋሽ እየሰማች መስፋቷን ቀጠለች።