ከጣልያኑ ካሚዮን ኋላ

በጣልያን ጊዜ ከሞላሌ በጭነት መኪና ስንወርድ፣ ሾፌራችን ከፊታችን የሚሄደው የጣልያን ካሚዮን ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይነዳ ነበር። በሾፌሩና በእኔ መሀል የተቀመጡት ሽማግሌ አላስቻላቸውም።

«አንተ ሰው፣ ኮርማ ይመስል ጭራ ጭራውን የምታሸተው ለምንድን ነው?»

«ነፋሱን እሱ ይመክትልናል፣ አባቴ። ቤንዚን እቆጥባለሁ።»

«ድንገት ቢቆምስ?»

«ፍሬን አለኝ።»

«ይይዛል?»

«ደስ ሲለው። ደግሞ ጣልያን ተኩስ ካልሰማ አይቆምም።»

«ይሰማላ! እዚያ ጉብታ ላይ የእህቴ ልጅ ከአርበኞቹ ጋር አድፍጧል።»

«ታዲያ ጣልያኑን ትቶ እኛን ይመታል?»

«የሚያልመውስ ጣልያኑን ነው፤ የሚመታው ግን ሁልጊዜ ከኋላ ያለውን ነው።»

እኔም ከሽማግሌው ጀርባ ተሸጎጥሁ።