«አልዘነበም» ውስጥ ያለው «ዘነበ»

በአንዲት የወረዳ ከተማ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ፣ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ዝናብ የለኩት እትዬ ዘነበች እና በየጠዋቱ «ዘነበ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃቸውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራው ወጣቱ ይታገሱ።

ዘነበች፦ ሦስት ቀን ሙሉ «አልዘነበም» ብዬ ጻፍኩ፤ ይኸው ማሽኑ ያወጣው ወረቀት ሦስቱንም ቀን «ዘነበ» ይላል! በስተርጅና ሊያስዋሸኝ ነው?

ይታገሱ፦ እትዬ፣ ማሽን አይዋሽም። ዘግይተው ይሆናል። አስር ሰከንድ ነው የሚጠብቀው፤ ዝም ካሉት መልሱን ራሱ ይሞላል።

ዘነበች፦ ጉድ በል! ይታገሱ ብለው ስም አወጡልህ፣ የሠራኸው ነገር ግን መነጽሬን እስክፈልግ አይታገስ!

ይታገሱ፦ እሺ፣ ሃያ አደርገዋለሁ።

ዘነበች፦ አልዘገየሁም አልኩህ እኮ! ግብርና ቢሮው የዚህን ወረቀት ቅጂ አይቶ በአራት ሰዓት «ዘንቧል፣ ጤፉን ዝሩ» ሊል ነው። መሬቱ ደረቅ፣ አቧራ! ያ ሁሉ ዘር ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ገበሬው ሌላ ከየት ያመጣል?

ይታገሱ፦ እስኪ እፊቴ ይጻፉት።

ዘነበች፦ ይኸው። አ… ል… ዘ… ነ… በ… ም። ከሥሩ፣ ዘነበች።

ይታገሱ፦ ይፈርማሉ እንዴ?

ዘነበች፦ ሳልፈርም ያሳለፍኩት ወረቀት የለም። ምነው፣ ስሜን አይቶ ዝናብ መሰልኩት?

ይታገሱ፦ ኧረ እትዬ፣ እንዴት ተደር… ቆይ። ቆይ ቆይ።

ዘነበች፦ ምን ሆንክ? ላብ አጠመቀህ እኮ።

ይታገሱ፦ «ዘነበ» የሚለውን የትም ቦታ ካገኘህ «ዘንቧል» ብለህ ያዝ ብዬው ነበር። ሰው «ማታ ዘነበ» ብሎ ቢጽፍም እንዲገባው ብዬ።

ዘነበች፦ ታዲያ?

ይታገሱ፦ «አልዘነበም» ውስጥም «ዘነበ» አለ።

ዘነበች፦ ወይ ጉዴ! ራሱንና ጅራቱን ጥሎ ሆዱን ብቻ አነበበ በለኛ! እምቢታው ያለው እኮ ጫፍና ጫፉ ላይ ነው፣ ልጄ!

ይታገሱ፦ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ። መጀመሪያ «አል» መኖሩን እንዲያይ ነው የማደርገው። አለቀ!

ዘነበች፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ወረቀቱ ግብርና ደርሷል። ደውልና ንገራቸው።

ይታገሱ፦ እኔ? እትዬ… «መነጽሬን ረስቼ ነው» ቢሏቸውስ? እርስዎን ማን ደፍሮ ይቆጣል! እኔ ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም።

ዘነበች፦ ሃያ ስድስት ዓመት ጠብታ ቆጥሬ ያገኘሁትን ስም ላንተ ስህተት ልስጥልህ?

ይታገሱ፦ እውነቱ እንደሆነ እያደር ይወጣል፣ እትዬ…

ዘነበች፦ እውነትና ንጋትስ እያደር ይጠራል። ዘር ግን አንዴ ከተበተነ አይለቀምም። ስንት ሰዓት ሆነ?

ይታገሱ፦ ለአራት ሩብ ጉዳይ።

ዘነበች፦ ስልኩ ያውልህ። አስር ሰከንድ እጠብቅሃለሁ፤ ዝም ካልክ መልሱን ራሴ እሞላዋለሁ።