የፎቶ አንሺው ሃርድ ዲስክ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መነጽሬን ላስጠግን ስወጣ፣ የድሮ ጎረቤቴን ፎቶ አንሺውን ከኮምፒውተር ጠጋኟ ሱቅ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ኮምፒውተራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ታቅፈዋል፤ ለመግባትም ለመመለስም አልወሰኑም።

«ምነው ጋሼ፣ በደህና?» አልኳቸው።

«ይሄ ነገር አልከፈት አለ መምህር። ውስጡ ያሉትን ፎቶዎች እንዳይነኩብኝ ደግሞ እፈራለሁ።»

ጠጋኟ የቀድሞ ተማሪዬ ስለነበረች አብሬያቸው ገባሁ። ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። ጥቂት ከመረመረች በኋላ፣ «ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ፕሮግራሙ ነው፤ እንደ አዲስ መጫን አለበት» አለች። «ፎቶዎቹ ግን ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ላይ ተደበላልቀዋል። ጋሼ ቢፈቅዱልኝ ዲስኩን ለሁለት ልክፈለው፤ አንዱ ለፕሮግራሙ፣ አንዱ ለፎቶዎቹ።»

«አይሆንም!» አሉ። «የአርባ ዓመት ሥራዬ እዚያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከመሞቷ በፊት ሁለት ክረምት ሙሉ ተቀምጣ፣ የወረቀቱን ፎቶ አንድ በአንድ በስካነር ያስገባችው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብኛል።»

«መፍራትዎ ተገቢ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ሁሉንም በሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ። እርስዎ ከፍተው ሳያዩ አንዱንም አልነካም።»

«ለመሆኑ በምንድን ነው የሚከፈለው? በመጋዝ?»

ጠጋኟ ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ድሮ ስቱዲዮዎ ውስጥ ፎቶ የሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል አልነበረዎትም?»

«እንዴታ፤ ነበረኝ።»

«ለምን በግድግዳ ለዩት?»

«ደንበኛ በሩን ከፍቶ ብርሃን ካስገባ የቀኑ ሥራ ገደል ገባ ማለት ነዋ።» ድምፃቸው ለሰለሰ። «ባለቤቴ በሩ ላይ ትቆማለች። ‹ባሌ ጨለማው ክፍል ውስጥ ሰው እየወለደ ነውና ትንሽ ታገሱ› እያለች ደንበኛውን ታስቀዋለች። እኔ በቀይ መብራት ሥር፣ ፊቶቹ ከውሃው ውስጥ ቀስ እያሉ ሲወጡ አያለሁ። ያ ጊዜ…»

«ይሄም ያው ነው» አለች ዝግ ብላ። «ቤቱ አንድ፣ ክፍሉ ሁለት።»

ሽማግሌን በማያውቀው ቋንቋ ከማስጨነቅ፣ በገዛ ሙያው ማስረዳት እንዴት እንደሚበልጥ ያን ቀን ከተማሪዬ ተማርኩ።

ግልበጣው ሲያልቅ ፎቶዎቹን እየከፈቱ ማየት ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ስም ያወጡለት ሟቿ ባለቤታቸው ነበሩ። አንዱ «አንገቱን ያዘነበለው አስተማሪ» ይላል፤ ቢከፈት እኔ ነኝ፤ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ የተዋስኩትን ክራቫት አስሬ። ሦስታችንም ሳቅን።

«በይ ልጄ፣ ክፈይው» አሉ በመጨረሻ። «ሁለተኛውን ክፍል ‹የእሷ› ብለሽ ሰይሚልኝ።»

ከስምንት ወር በኋላ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ቫይረስ ገብቶ ፕሮግራሙን እንዳልነበረ አደረገው። ጠጋኟ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አጥፍታ በግማሽ ቀን ውስጥ አዲስ ጫነችበት። ‹የእሷ› ውስጥ ካሉት ፎቶዎች አንድም አልጎደለም። ሆኖም ዲስኩ ራሱ ከሞተ ሁለቱም ክፍሎች አብረው እንደሚሄዱ አስጠንቅቃቸው ስለነበር፣ ግልባጩን ልጃቸው ቤት አስቀምጠዋል። ለፕሮግራም ቦታ ለይቶ፣ ለትዝታ ሌላ ቦታ መስጠት፣ ከዚያም ግልባጭ ማኖር፤ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ሊጠይቁኝ መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ኮምፒውተር አዩት።

«የአንተስ ተከፍሏል፣ መምህር?»

«ኧረ ገና ነው ጋሼ።»

«የልጆችህ ፎቶ የት ነው ያለው?»

በጣቴ ያንኑ ኮምፒውተር አሳየኋቸው። ፎቶ አንሺው ኮታቸውን አንስተው፣ «ተነስ፣ ሱቋ ሳትዘጋ እንድረስ» አሉኝ።